ዳይሬክተሩ ሲሞቀው ይዋሻል

ጡረታ ስወጣ ለሌላው ሰው የሚሰጠውን አልሰጡኝም። ከእኔ በፊት የወጣው ሾፌር የእጅ ሰዓት አገኘ፤ ፀሐፊዋ ግሩም የቆዳ ሻንጣ ተሸለመች። የቴክኒክ ትምህርት ቤቱን ዕቃ ግምጃ ቤት ስጠብቅ ፀጉሬ ለሸበተው ለእኔ የደረሰኝ አሮጌ ኮምፒውተር ነው። አንድ ቢሆን ባልከፋ፤ ወደ ሃያ የሚጠጋ። ዳይሬክተሩ በሰው ፊት እጄን ጨብጦ ለቤተሰብህ ይጠቅማል አለ፣ ተጨበጨበ። እውነቱን ግን እኔ ነኝ የማውቀው። ማሽኖቹ አይረቡም ተብለው ከተወገዱ ቆይተዋል፤ የብረታ ብረት ነጋዴው እንኳ የጭነቱን አይመልሱልኝም ብሎ ትቷቸው ሄዷል። ግምጃ ቤቱን አጣበው ስለነበር እኔ ስወጣ አብረው ወጡ። አሮጌን በአሮጌ ጠርገው ጣሉ ማለት ነው።

ባለቤቴ ጋሪው በር ላይ ሲቆም አይታ፣ «አንተ ሰውዬ፣ እኛ የት ልንተኛ ነው?» አለችኝ። ቤታችን ታችኛው ሰፈር ከወንዙ ዳር ባለው ረድፍ ላይ ናት፤ አንድ የፊት ክፍል፣ አንድ መኝታ ቤት፣ ከጓሮ ማድ ቤት። ማሽኖቹን በፊት ክፍሉ ግድግዳ ጥግ ደረደርኳቸው። ስትናደድ ከረመች፣ በኋላ ሳፋና ድስት ታስቀምጥባቸው ጀመር። ቢያንስ ለመደርደሪያነት በቁ።

ታላቅ ወንድሜ መሐንዲስ ነው። አገሩ ሁሉ ኢንጂነሩ ይለዋል፤ እኔም ፊት ለፊት ጋሼ፣ ከኋላው ኢንጂነሩ እለዋለሁ። አባታችን ሁለታችንን ማስተማር አቅቶት እሱ ሲቀጥል እኔ ከስድስተኛ ክፍል አቋረጥኩ። በዚህ አልቀየምም እያልኩ ኖሬያለሁ፤ እቀየማለሁ። ከዚህ የባሰው ግን ሌላ ነው። ጎረምሶች ሳለን ከጓደኞቹ ጋር ስለ ድልድይ ሲያወራ ሰምቼ አንድ ነገር ጠየቅኩት። ዞሮ እንኳ ሳያየኝ፣ «ተወው፣ አይገባህም» አለኝ። ጓደኞቹ ሳቁ። እሱ ይሄን አያስታውስም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚባለው ለእኔና ለእሱ የተተረተ ይመስለኛል።

እንግዲህ ባለፈው ክረምት ወንዙ ሞልቶ ከሰፈራችን ጥቂት ቤት ገባ። ገብቶ ወጣ። ማዘጋጃ ቤቱ ግን ካርታ አሠራና ታችኛው ሰፈር በሙሉ ውሃ ይበላዋል፣ ስለዚህ ፈርሶ ይነሳል አለ። በካርታው ላይ ሰፈራችን ከዳር እስከ ዳር በሰማያዊ ቀለም ተለቅልቋል፤ ከወንዙ ርቆ ከፍ ካለ ቦታ ላይ ያለው የሰፈራችን ብረት በያጅ ቤት እንኳ አልቀረም። ካርታውን መርምሮ ይሁን ያለው የቴክኒክ ኮሚቴ ሰብሳቢው ማን ነው? ኢንጂነሩ። ቅሬታ ያለው በጥናት የተደገፈ ማስረጃ ይዞ ለኮሚቴው ስብሰባ ይቅረብ ተባለ። ጥናት! በታችኛው ሰፈር ጥናት የሚያውቅ የለም፤ በኩራዝም በአምፖልም ብትፈልግ አታገኝም።

እኔ ያን ቀን ማልኩ። በወንድሜ ፊርማ ቤቴ አይፈርስም አልኩ። በምን እንደማስቆመው ግን አላውቅም ነበር።

መንገዱን ያመጣችው የገዛ ልጁ ናት። የወንድሜ ልጅ ዩኒቨርሲቲ መጨረሻ ዓመት ላይ ነች፣ የምትማረውም የውሃ ነገር ነው። ከትንሽነቷ ጀምሮ ከአባቷ ቤት ይልቅ የእኔን ጎጆ ትወዳለች፤ ምክንያቷን ጠይቄያት አላውቅም፣ ብጠይቃት ደስታዬ ይቀንስ ይሆናል ብዬ። መጥታ ተቀመጠችና ካርታው በአንድ ዓይነት ዝናብ ብቻ የተሠራ ነው አለችኝ። ወንዝ እንደ ዝናቡ ይለያያል፤ ረጅም ካፊያ አለ፣ አጭር ዶፍ አለ፣ በጠገበ መሬት ላይ የሚወርድ አለ። በትክክል ለማወቅ ይሄን ሁሉ ዓይነት ዝናብ በእያንዳንዱ መንገድና አጥር ላይ እያወረዱ ማስላት ያስፈልጋል። በእሷ ላፕቶፕ ብቻ ከሆነ የሚቀጥለው ክረምት ይደርሳል እንጂ አያልቅም። ትልቁ ኮምፒውተር ደግሞ ያለው አባቷ መሥሪያ ቤት ነው። ጠይቃው ነበር። በወንበሬ ልጄን ጠቀመ ይሉኛል ብሎ እምቢ አላት።

«እሱ ለሰው ወሬ ይጠነቀቃል» አልኳት።

ዓይኗ ግድግዳው ጥግ ሄዶ ነበር። ሳፋውን አንስታ መሬት አስቀመጠችና፣ «አጎቴ፣ እነዚህ ይሠራሉ?»

«እንደ እኔ ናቸው። ሲቀሰቅሷቸው ይነሳሉ፤ ተነስተው ምን እንደሚያደርጉ ነው የማያውቁት።»

ሳቀች። ከዚያ አንዱ ብቻውን ምንም አይፈይድም፣ ሥራው ተቆራርሶ ለሁሉም ቢታደል ግን ሊወጡት ይችላሉ አለችኝ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ልትለኝ ነው ብዬ ፈራሁ፤ በሥራ ዘመኔ አለቆቼ ሸክም ሊያሸክሙኝ ሲሹ የሚያመጡት ተረት ነው። እግዜር ይስጣት፣ አልተረተችም።

መጀመሪያ ማሽኖቹን አራቆተቻቸው። የቀረ ሥዕል የለም፣ ዘፈን የለም፣ በመዳፊት የሚነካ ነገር የለም። ጥቁር መስኮት ላይ ነጭ ፊደል ብቻ። ጉልበታቸውን ለጌጥ አያባክኑ፣ ያለቻቸውን ትንሽ አቅም ለሒሳቡ ያውሉ ነው ነገሩ። አንዳንዶቹ ሃርድ ዲስካቸው ሞቷል፤ እነዚያን ከሌላው በኔትወርክ ገመድ እያስነሳች አሠራቻቸው። ስክሪንም ለሁሉም አያስፈልግም፣ አንድ ለሁሉ ይበቃል አለች። ከባዶቹን ባለ መስታወት ስክሪኖች መኝታ ቤት ከአልጋው ሥር ከተትናቸው፣ ባለቤቴ በዚህም ተናገረች።

ለማሽኖቹ ስም ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ። በሥራ ዘመኔ የበደሉኝን ሰዎች ስም፣ ማለቴ ማዕረጋቸውን። ብዙ ጮሆ ጥቂት የሚሠራው ዳይሬክተሩ ተባለ። ሂድ ሲሉት ቆይ የሚለው ሒሳብ ሹሙ። ሁልጊዜ ስህተቱ የሌላ ነው የሚል መልእክት የሚያወጣው የሰው ኃይል ኃላፊው። ልጅቷ ትስቃለች፤ አንዴ አባቴስ የትኛው ነው ብላ ጠየቀችኝ። እሱን የሚመጥን አላገኘሁም አልኳት።

አንዱን ማሽን ግን በራሴ ሰየምኩት። እሱ ራሱ አያሰላም። ሥራውን ቆርሶ ለየማሽኑ ያድላል፣ ሲሠሩ ይረከባል፣ አንዱ መሐል ላይ ቢሞት ድርሻውን አንስቶ ለሌላ ይሰጣል። ለፈጣኑ በርከት፣ ለደካማው ቀነስ ያደርጋል። ልጅቷ ስታስረዳኝ ይሄማ የእኔ ሥራ ነው አልኳት። ወጪና ገቢ። ግምጃ ቤት ጠባቂው ሚስማር አይመታም፣ እሱ በሩን ካልከፈተ ግን ሚስማር የሚመታ የለም። ይሄንን ትምህርት ቤቱ ውስጥ ያወቀልኝ ሰው አልነበረም፤ የወንድሜ ልጅ በአንድ ከሰዓት አወቀችልኝ።

ሌላም ነገር አደረገች። እያንዳንዱ ቁራሽ ሥራ ለሁለት ማሽን ይሰጣል፤ መልሳቸው አንድ ካልሆነ ተቀባይነት የለውም። ያረጀ ማሽን ይደክማል ብቻ ሳይሆን ይሳሳታል አለች፣ ተሳስቶም ፊቱ አይለወጥም። እኔ እንደዚህ ዓይነት ሰዎች አውቃለሁ አልኳት።

የመብራቱ ነገር ፈተና ነበር። ጎረቤታችን በያጁ ብየዳ በጀመረ ቁጥር የሰፈሩ መብራት ይደነግጣል፣ ማሽኖቼም ግማሾቹ ይወድቃሉ። ሄጄ ነገርኩት። «ወንድምዓለም፣ የጡረታ ዕቃህ ነው ወንዝ የሚገድበው?» ብሎ ሳቀብኝ። የእሱም ቤት በሰማያዊው ቀለም ውስጥ መሆኑን ሳስታውሰው ሳቁን ዋጠ። ከዚያ በኋላ ብየዳውን በጠዋት እየጨረሰ ቀኑን ለቀቀልን፤ ከከተማው ማዶ ካለው ወንድሙ ጋራዥም መሥራት ጀመረ። ደግሞ መጥቶ በመስኮት እያየ፣ «ዛሬ ዳይሬክተሩ እንዴት አደረ?» ይላል።

ሥራው ተጀመረ። ማሽኖቹ ሲያጉረመርሙ የፊት ክፍሉ እንደ ወፍጮ ቤት ሆነ። ባለቤቴ መጀመሪያ ወይ እኔ ወይ እነሱ አለች። ሳምንት ሳይሞላ ግን ለጎረቤት ሴቶች የኛ ማሽኖች እያለች ስታወራ ሰማኋት። ሰው የማይለምደው ነገር የለም። እኔና ልጅቷ ቀን ቀን በሰፈሩ እየዞርን አጥር እንለካለን፣ ቦይ እንቆጥራለን፤ የትኛው ግንብ ውሃ ያቆማል፣ የትኛው ቆርቆሮ ያሳልፋል፣ ይሄን ሁሉ ለማሽኖቹ እንመግባለን። ስንመለስ የተሠራው ቁራሽ እየበዛ፣ የቀረው እያነሰ ያስደስተናል።

ታዲያ አንድ ቀን አንዱ መንገድ በጭቃ ተዘግቶብን ሳይታሰብ ቶሎ ተመለስን። በሩን ስከፍት ሙሽራ ቤት የገባሁ መሰለኝ። እያንዳንዱ ማሽን ላይ ባለቤቴ በእጇ የጠለፈችው ጨርቅ ለብሷል፤ አበባው፣ ዘርፉ፣ ሁሉም በየመልኩ ተጎትቶ ተስተካክሏል። ዳይሬክተሩ ለልጃችን ሠርግ የተጠለፈውን ነው የለበሰው። ባለቤቴ ወገቧን ይዛ ቆማለች፣ ፊቷ በርቷል።

«አቧራ እንዳይገባባቸው ነው» አለች። «ስትመለሱ እንዳትስቁብኝ አነሳው ነበር፤ ዛሬ ቀደማችሁኝ።»

ልጅቷ እጇን ጨርቁ ሥር አስገባችና ዳይሬክተሩን ነካች። አቃጥሏት ወዲያው መለሰችው። ስክሪኑ ላይ ስታይ የማይገጥሙ መልሶች ተደርድረዋል። ለብዙ ቀን ሲጠራቀሙ የቆዩ ናቸው፤ በእኔ የተሰየመው ማሽን እንደገና ለሌላ ሰጥቶ ስለሚያሠራቸው ቀልብ አልሰጠቻቸውም ነበር። አሁን ገባት። «አጎቴ፣ ዳይሬክተሩ ሲሞቀው ይዋሻል» አለች ቀስ ብላ። «እሱ ብቻ ሳይሆን ሌሎቹም።»

ሁለት ለሁለት ማመሳከሩስ አልኳት። ሁለቱም ከሞቃቸው ሁለቱም ሊሳሳቱ ይችላሉ፣ አንድ ዓይነት ስህተት መሳሳታቸው ብርቅ ነው፣ ግን የለም ብዬ አልምልም አለችኝ። በሰዎች ቤት ጉዳይ ደግሞ መማል ያስፈልጋል። ጨርቁ ከመቼ ጀምሮ እንደተደረበ ባለቤቴን ጠየቅናት። ከወደደቻቸው ማግስት ጀምሮ ነው። ከዚያ ወዲህ የተሠራው ሁሉ የማይታመን ሆነ።

ባለቤቴ ጨርቆቹን አንድ በአንድ እያነሳች ታጥፍ ጀመር። አላለቀሰችም፤ አጣጠፏ ግን ከለቅሶ ይብሳል። እኔ ልቆጣ አፌን ከፍቼ ነበር፣ ለምን እንደተውኩት አላውቅም። ምናልባት በዚህ ዕድሜዬ ለዕቃዬ ልብስ ያለበሰልኝ ሌላ ሰው ስለሌለ ይሆናል።

ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ስብሰባው ደርሷል አለች፣ አንደርስም ይሆናል። እኔ ኮቴን አወለቅኩ። ግምጃ ቤት ውስጥ ቆጠራ ካልገጠመ የጎደለውን በግምት አትሞላም፤ በሩን ዘግተህ ከመጀመሪያው ትቆጥራለህ አልኳት። አሁንም እንደዚያው ነው፤ ነይ እንጀምር። ካልደረስን አልደረስንም፣ ተቀምጠን ግን አይፈርስብንም።

የማሽኖቹን ክዳን በሙሉ ፈታን። አንጀታቸው ተዘርግፎ ታየ። በያጁ ከብረት ቁርጥራጭ መደርደሪያ በየደልን፣ በመሐላቸው ነፋስ እንዲያልፍ። መስኮቱ ተከፈተ፣ በሩ ተከፈተ። ሙቀቱን የመጠበቅ ሥራ ለባለቤቴ ተሰጠ፤ ራሷ ናት የጠየቀችው። እንደ ታመመ ልጅ ግንባር በየተራ እየዳበሰች፣ የሞቀውን በካርቶን ታራግባለች። ሒሳብ ሹሙ ትኩሳት አለው ትላለች፣ ልጅቷ ሥራ ትቀንስለታለች። የሚሞቱትም ሞቱ። የሰው ኃይል ኃላፊው አንድ ቀን ጭስ ተፍቶ ቀረ፤ ድርሻውን ሌሎቹ ተካፈሉት። አላዘንኩለትም። ዳይሬክተሩ ግን፣ የማይካድ ነገር ስለሆነ መናገር አለብኝ፣ ነፋስ ካገኘ በኋላ አንድም ቀን አልዋሸም።

ከስብሰባው በፊት ባለው ቀን የመጨረሻው ቁራሽ ገባ። ልጅቷ ካርታውን ስክሪኑ ላይ አወጣች። እኔም፣ ባለቤቴም፣ በያጁም ከኋላዋ ቆመናል። ሰፈሩ ቀስ እያለ ተሣለ። ላይኛው ረድፍ ነጭ፣ ደረቅ። መካከለኛው ነጭ። የበያጁ ቤት ነጭ፤ ትከሻዬን መታኝ። ማዘጋጃ ቤቱ ቀለም ከለቀለቀው ቤት አብዛኛው ውሃ አይደርስበትም። ከዚያ ወንዙ ዳር ያለው ረድፍ ተሣለ። ሰማያዊ ነው። የእኔ ቤት መሐሉ ላይ ናት።

በያጁ እጁን ከትከሻዬ አነሳ። ልጅቷ ወደ ኋላ ሳትዞር፣ «ገና አላተምኩትም» አለች።

ምን ማለቷ እንደሆነ አውቃለሁ። አታስተካክለውም፤ እንደዚያ ያለች ልጅ አይደለችም። ግን ጥናቱ የእኛ ነው፣ ማቅረብ አለማቅረብም የእኛ ነው። ባናቀርበው ሁሉም ይፈርሳል፣ እኔም ከሰው ጋር እፈርሳለሁ፣ ከብዙ ጋር መፍረስ ይቀላል። ብናቀርበው ግን ኢንጂነሩ በሰው ፊት ገልጦ የወንድሙን ቤት በገዛ ወንድሙ ወረቀት ውሃ ውስጥ ያገኘዋል። ባለቤቴን አየኋት። እሷ ማሽኖቹን ነው የምታየው።

«አሳትሚው» አልኩ። «ዕድሜዬን ሙሉ ጎደሎ ዕቃ አስረክቤ አላውቅም። ለወንድሜ ብዬ አሁን አልጀምርም።»

ስብሰባው ላይ ልጅቷ ተናገረች፣ እኔ ወረቀቱን ይዤ ከጎኗ ቆምኩ። አባቷ እንደማንኛውም ሰው ነው የጠየቃት። ዝናቡን ከየት አመጣሽው፣ አጥሩን ማን ለካው፣ በምን ማሽን ተሰላ። ማሽኖቹን ስትነግረው ከኮሚቴው አንዱ ሳቀ፤ እሱ አልሳቀም። የተበላሸውን ሥራ እንደገና መሥራታችንንም ሳትደብቅ ነገረችው። ወረቀቱን እየገለጠ ብዙ ቆየ፣ አንድ ገጽ ላይ ሲደርስ ቆመ። መነጽሩን አወለቀ።

«ያንተ ቤት ውሃ ውስጥ ነው» አለኝ።

«አይቻለሁ፣ ጋሼ። ይዤው የመጣሁት እኮ እኔ ነኝ።»

መነጽሩን መልሶ አደረገ። ኮሚቴው ተመካክሮ የቀድሞው ካርታ ቀረ፤ ላይኛውና መካከለኛው ረድፍ አይነካም ተባለ። የወንዙ ዳር ረድፍ ግን ከክረምት በፊት ይነሳል። ሰዉ ሲወጣ እጄን የማይጨብጠኝ አልነበረም፤ እኔ ግን ከጡረታዬ ቀን ወዲህ መጨባበጥ ስለማላምን ቶሎ ወጣሁ።

ደጁ ላይ ወንድሜ ደረሰብኝ። ቤቱ ሰፊ ነው፣ ከጓሮ ሁለት ክፍል አለው፣ ሌላ ቤት እስክታገኙ እዚያ ግቡ አለኝ። ለስላሳ ድምፅ ነው ያወጣው፤ ያን ድምፅ ከየት እንዳመጣው አላውቅም። እምቢ ልለው ነበር። ልጅቷ ግን በመሐል ገብታ ያልተጠየቀ ጥያቄ አለ አለች። ወንዙ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ግንብ ቢሠራ የዳሩ ረድፍ ይተርፍ ይሆናል፤ የግንቡን ቁመትና ቦታ ለማግኘት ግን እንደገና ማስላት ያስፈልጋል፣ ከበፊቱ የበለጠ። ማዘጋጃ ቤቱ እስኪያፈርስ ጊዜ አለን።

«ብመጣም ብቻዬን አልመጣም» አልኩት ወንድሜን። «ዳይሬክተሩም፣ ሒሳብ ሹሙም፣ ሁሉም አብረው ይመጣሉ። ይጮኻሉ። በርና መስኮት መዘጋት የለበትም።»

ኢንጂነሩ ልጁን አየ፣ እኔን አየ። «ይምጡ» አለ።

በማግስቱ መኪናውን ይዞ መጣ። ማሽኖቹን እኔና በያጁ ጫንን፣ ባለቤቴ ገመዶቹን በጠለፈችው ጨርቅ ጠቅልላ ያዘች፤ ለገመድ ይፈቀዳል ብላ ልጅቷን አስፈቅዳ ነው። ወንድሜ እጅጌውን ሰብስቦ እኔስ ምን ልያዝ አለ። መኝታ ቤት አስገባሁትና ከአልጋው ሥር ትልቁን ባለ መስታወት ስክሪን አሳየሁት፣ እንደ በግ የሚከብደውን። አቅፎ አነሳው፣ ፊቱ ቀላ፣ እየተንገዳገደ በጭቃው መንገድ ወጣ። የሰፈሩ ሰው በሙሉ በር ላይ ቆሞ ያየዋል።

ልጅቷ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «አጎቴ፣ እሱ ስክሪን እኮ አያስፈልገንም» አለችኝ።

«አውቃለሁ» አልኳት። «ሌላም አንድ አለ፣ ሲመለስ እሰጠዋለሁ።»